ሦስቱ የምወዳቸው ነገሮች

ልጆች ሆይ፤ ሰው ሁሉ የሚወደው ነገር አለው። አንዱ በቅሎ መጋለብ ይወዳል፤ ሌላው ዜማ መስማት ይወዳል፤ ሌላውም ገበያ መዋል ይወዳል። መውደድ ነውር አይደለም። ነገር ግን የወደዱትን ነገር ሳያውቁት መውደድ፣ ደግሞም ከእርሱ ከሚበልጠው ነገር ማስቀደም ኀዘንን ያመጣል። ይህን ትምህርት ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ማታ አባቴን በመናኸሪያ በብርድ ካስቀመጥሁ በኋላ ነው። እንግዲህ የሆነውን ሁሉ ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ። በሌላ ሰው ስሕተት መማር ያለ ዋጋ መማር ነውና እናንተም አስተውላችሁ አንብቡ።

የተወለድሁት በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ባለ አንድ የገጠር መንደር ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ብርዷ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። አባቴ ገበሬ ናቸው፤ ገብስና ባቄላ ይዘራሉ፤ በጎችም ያረባሉ። በወጣትነታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ፊደልና አኃዝ ተምረዋል። ከዚያ በኋላ ግን ከእርሻው በቀር ሌላ ትምህርት ቤት አላዩም።

ስለዚህ እኔ በአዲስ አበባ ወደሚገኝ ኮሌጅ በተጠራሁ ጊዜ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ሁለት ሙክት በጎች ሸጡና የእጅ ስልክ ገዙልኝ። በሰጡኝም ጊዜ፣ «ልጄ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ እግራችን በየቀኑ ሊደርስ አይችልም፤ ድምፅህ ግን ይድረሰን» አሉኝ። እኔም እሺ ብዬ ተቀበልሁ። ስልኩ ለምን እንደ ተሰጠኝ ግን ቶሎ ረሳሁት።

በኮሌጁ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና መማር ጀመርሁ። ከትምህርቴም ሌላ ሦስት ነገሮችን እጅግ ወደድሁ።

የመጀመሪያው ያው ስልክ ነው። ማታ ስተኛ ከራስጌዬ አኖረው ነበር፤ ጧት ስነቃም ፊቴን ሳልታጠብ እርሱን አይ ነበር። አዲስ ዓይነት ስልክ ወጣ በተባለ ጊዜ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ፣ ካሜራው ምን ያህል እንደሚያጠራ፣ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለጓደኞቼ እተርክላቸው ነበር። እነርሱም አዋቂ አድርገው ይቈጥሩኝ ነበር፤ እኔም ራሴን እንዲሁ እቈጥር ነበር።

ሁለተኛው ፊልም ነው። ፊልም ማየት ከጀመርሁ መነሣት አይሆንልኝም ነበር። አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እከፍታለሁ። ሌሊቱ እኩል ይሆናል፤ በማግሥቱም በትምህርት ክፍል አንቀላፋለሁ።

ሦስተኛው ስፖርት ነው። የእንግሊዝ አገር የእግር ኳስ ቡድን የሆነውን አርሰናልን እወድ ነበር። ይህ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሮ በ2004 በተፈጸመው የሊግ ውድድር 38 ጨዋታ ተጫውቶ 26 ጊዜ አሸነፈ፤ 12 ጊዜ እኩል ለእኩል ወጣ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሸነፈም። ያን ጊዜ እኔ የእናቴን ጡት የምጠባ ሕፃን ነበርሁ፤ ቁጥሩን ግን እንደ ገዛ ስሜ በቃሌ አውቀው ነበር። ደግሞም አበበ ቢቂላ የሰሜን ሸዋ ተወላጅ ስለ ሆነ፣ ስለ እርሱ በተነሣ ቍጥር ዘመዴ እንደ ሆነ ያህል እኩራራ ነበር። ነገር ግን ልብ በሉ፤ እኔ ራሴ ኳስ አልመታም፤ ከማደሪያዬ እስከ ትምህርት ክፍሌም እንኳ አልሮጥም ነበር።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በነበርሁ ጊዜ፣ በኅዳር ወር በአንድ ሐሙስ ቀን አባቴ ደወሉልኝ። «ዓይኔ እየደከመ ሄዷል፤ በመሸ ጊዜ ሰውና ጉቶ አልለይም። የዓይን ሞራ ነው ይሉኛል። ቅዳሜ ወይም እሑድ መጥቼ ሐኪም ይየኝ፤ ስነሣ እደውልልሃለሁ» አሉኝ። እኔም፣ «ይምጡ አባባ፤ ከመናኸሪያው ወጥቼ እቀበልዎታለሁ» አልሁ።

ቅዳሜ ሆነ። ከሌሊት ጀምሮ በማደሪያችን መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ስለዚህ የስልኬን ባትሪ መሙላት አልተቻለም። እኔ ግን አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ፊልም ማየት ጀመርሁ። ፊልሙ በትልቅ ከተማ የጠፋ ልጁን ስለሚፈልግ አንድ አባት ነበር። ያ አባት በየጎዳናው ሲንከራተት፣ በየደጃፉም ሲጠይቅ አይቼ አዘንሁ፤ እንባዬም ወረደ። ሰባት ሰዓት ሲሆን፣ ነገሩ እጅግ በሚያጓጓበት ስፍራ ላይ ሳለሁ፣ ስልኩ ጮኸ። የአባቴ ስም በመስተዋቱ ላይ ታየ። እኔም፣ «ይህ ያልቅና መልሼ እደውልላቸዋለሁ» ብዬ ጥሪውን ዘጋሁት። ፊልሙ አለቀ፤ እኔ ግን መልሼ አልደወልሁም። ረስቼዋለሁና።

በዘጠኝ ሰዓት ተኩል አርሰናል የሚጫወትበት ሰዓት ደረሰ። የባትሪው ምልክት ቀልቶ ነበር፤ እኔ ግን ይበቃኛል ብዬ ጨዋታውን ከፈትሁ። አሥር ሰዓት ገና አልፎ ሳለ ስልኩ በእጄ ላይ ጠፋ። ያን ጊዜ ያዘንሁት ስለ አባቴ እንዳይመስላችሁ። ያዘንሁት ስለ ጨዋታው ነው። ፈጥኜ ወደ ጎረቤት ክፍል ሄድሁና የቀረውን በጓደኛዬ ስልክ ተመለከትሁ። ቡድኔም ግብ ሲያገባ ጮኽሁ።

ጨዋታው ሲያልቅ ጓደኛዬ ወደ እኔ ተመልክቶ፣ «አባቴ በዚህ ሰንበት ይመጣሉ ብለኸኝ አልነበረምን?» አለኝ። በዚያች ሰዓት ሰውነቴ ሁሉ በረደ። በሰባት ሰዓት የዘጋሁት ጥሪ ትዝ አለኝ። ጓደኛዬም፣ «በል፣ በእኔ ስልክ ደውልላቸው» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። እኔም ስልኩን ተቀብዬ ጣቴን ዘረጋሁ። ዜሮ ብዬ ነካሁ፤ ዘጠኝ ብዬ ነካሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጣቴ ቆመ። የአባቴን ቁጥር አላውቀውም። እነዚያ ሁለቱ አኃዞች ደግሞ የብዙ ሺህ ሰው ናቸው እንጂ የአባቴ ብቻ አይደሉም። የአርሰናልን 26 ማሸነፍና 12 እኩል መውጣት በቃሌ የያዝሁ ሰው የአባቴን ቁጥር አልያዝሁም ነበር።

እየሮጥሁ ወጣሁና ወደ መገናኛ የሚሄድ ታክሲ ያዝሁ። ቅዳሜ ማታ ነውና መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ነበር። ፀሐይ እየጠለቀች ሄደች። ታክሲው አልንቀሳቀስ ባለ ጊዜ ወርጄ በእግሬ ወደ ላምበረት መናኸሪያ መሮጥ ጀመርሁ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ቸኵዬ ያሰርሁት የጫማዬ ማሰሪያ ተፈትቶ ሊጥለኝ ሆነ። ጥቂት እንደ ሮጥሁ ደረቴ ተቃጠለ፤ ጎኔም ወጋኝ። ሦስት ጊዜ ቆምሁ። ስለ አበበ ቢቂላ ብዙ መናገር ለሳንባ ኃይል እንደማይሆን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ከመናኸሪያው ስደርስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። አባቴን አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት ከምድጃዋ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጣቸው አገኘኋቸው። ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው፣ የበሶና የቆሎ ከረጢታቸውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው ነበር። በፊታቸው ቆምሁ፤ ነገር ግን ጨለማ ስለ ነበረ ዓይናቸው አልለየኝም። «አባባ» ባልሁ ጊዜ ብቻ በድምፄ አወቁኝ።

እኔ ቍጣ ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን ተነሥተው ትከሻዬን በሁለት እጃቸው ዳሰሱና፣ «ደኅና ነህን ልጄ? ስልክህ ዝም ሲል ክፉ ነገር ያገኘህ መስሎኝ ልቤ ሲመታ ነበር» አሉኝ። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በብርድ የተቀመጡት ስለ ራሳቸው ሳይሆን ስለ እኔ ሲፈሩ ነበር። ቢቈጡኝ በተሻለኝ ነበር።

ሻይ የምትሸጠውም ሴት፣ «በእርሳቸውም በእኔም ስልክ ብዙ ጊዜ ደወልን። ቁጥርህን ያለ ጽሕፈት በቃላቸው ነው የነገሩኝ» አለችኝ። እኔም አፍሬ፣ «አባባ፣ እንዴት በቃልዎ ያዙት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም፣ «በጎቹን ስጠብቅ እየደጋገምሁ አጠናሁት። ስልኬ እንኳ ቢጠፋብኝ ልጄ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው» አሉ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በዚያ ሌሊት በኮተቤ በሚኖሩት በአክስቴ ቤት አደርን። በዚያ መብራት ነበረና ስልኬን ሞላሁት። ስልኩ በተከፈተ ጊዜ ያመለጡኝ ጥሪዎች በተራ ታዩ፤ አሥራ አንድ ነበሩ። አባቴም ስልኩን በእጃቸው ይዘው አገላበጡትና፣ «እስቲ አንተ የኤሌክትሪክ ተማሪ ነህና ንገረኝ፤ ይህ ነገር ከደብረ ብርሃን ድምፄን እንዴት አድርጎ ያመጣልሃል?» አሉኝ። እኔም፣ «በአየር ነው አባባ» አልሁ። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «በአየር እንደ ሆነማ እኔም አውቃለሁ፤ ሽቦ የለውም። እንዴት እንደ ሆነ ነው የጠየቅሁህ» አሉ። እኔም መልስ አጣሁ። የስልኩን ስምና ዋጋ አውቅ ነበር እንጂ ሥራውን አላውቅም ነበር። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አፈርሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት አባቴ ሐኪም ዘንድ ቀረቡ። ሐኪሙም በዓይናቸው ውስጥ የደፈረሰውን ሞራ አውጥቶ በስፍራው ጥርት ያለ ሰው ሠራሽ ምስሪት አገባ። ከጥቂት ቀን በኋላ አባቴ የአክስቴን ፊት አይተው፣ «አንቺም እንደኔ አርጅተሻል» ብለው አሳቁን። ከዚያም ወደ አገራቸው ተመለሱ። እኔ ግን ያ ጥያቄ በልቤ ቀረ። ስለዚህ ሦስቱን የምወዳቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ላጠና ወሰንሁ።

በመጀመሪያ ስልኩን አጠናሁ። ሰው ሲናገር ድምፁ አየሩን ያንቀጠቅጠዋል። በስልኩ ውስጥ ያለው ማይክሮፎን ያን መንቀጥቀጥ ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ከዚያ በኋላ ይህ ኤሌክትሪክ በተለመደው የስልክ አሠራር በአንድ ሰከንድ ውስጥ 8000 ጊዜ ይለካል፤ ልኩም ወደ ቁጥር ይለወጣል። ቁጥሩም በራዲዮ ሞገድ ተጭኖ በአቅራቢያው ወዳለው ረጅም የአንቴና ማማ ይሄዳል። የራዲዮ ሞገድ በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። መልእክቱም ከማማው ወደ ማዕከሉ፣ ከማዕከሉም ተቀባዩ ወዳለበት አገር ማማ ይተላለፋል። በመጨረሻ የተቀባዩ ስልክ ቁጥሩን መልሶ ድምፅ ያደርገዋል።

ሁለተኛም ይህን አወቅሁ። ማዕከሉ ደንበኛውን የሚለየው በስልኩ አካል አይደለም፤ ሲም ካርድ በምትባለው ጥፍር በምታህል ካርድ ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት ተቀመጥሁ። በዚያ ቅዳሜ ካርዴን አውጥቼ በጓደኛዬ ስልክ ውስጥ ባገባው ኖሮ፣ የአባቴ ጥሪ ወዲያው ይደርሰኝ ነበር። ዕውቀት ቢኖረኝ ኖሮ አባቴ በብርድ አይቀመጡም ነበር ማለት ነው። ካርዲቱ በኪሴ ውስጥ ነበረች፤ እኔ ግን ምን እንደምትሠራ አልጠየቅሁም ነበር።

የባትሪውንም ነገር መረመርሁ። በባትሪው ውስጥ ሊቲየም የሚባል ቀላል ብረት አለ። ስልኩ በሚሠራበት ጊዜ የሊቲየም ጥቃቅን ቅንጣቶች ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ወገን ይሄዳሉ፤ ኤሌክትሪኩም በውጭው መንገድ አልፎ ስልኩን ያሠራዋል። በምንሞላው ጊዜ ደግሞ ቅንጣቶቹ ወደ ቀድሞ ስፍራቸው ይመለሳሉ። ብርሃኑን ለረጅም ሰዓት ማብራት ይህን ኃይል ቶሎ ይጨርሰዋል። ለዚህ ባትሪ መፈጠር ብዙ የደከሙት ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ያን ጊዜ ጉድኢናፍ የ97 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። እኔ በአንድ ቀን በጨዋታ የምጨርሰውን ኃይል ሊያጠራቅሙልኝ እነዚህ ሰዎች ብዙ ዓመት ደክመዋል።

የእጅ ስልክም ራሱ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። ማርቲን ኩፐር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1973 በኒው ዮርክ ጎዳና ቆሞ በእጅ በሚያዝ ስልክ የመጀመሪያውን ጥሪ አደረገ። ያ ስልክ ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ይመዝን ነበር። ወደ አገራችን የእጅ ስልክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

ከዚያ በኋላ ፊልምን አጠናሁ። በመጋረጃው ላይ ሰው ሲሄድ ይታየናል፤ ነገር ግን በእውነቱ የሚሄድ ነገር የለም። ያሉት የቆሙ ሥዕሎች ናቸው። በሲኒማ 24 ሥዕሎች በአንድ ሰከንድ ውስጥ በተራ ያልፋሉ፤ ዓይናችንና አእምሯችንም እንደ አንድ እንቅስቃሴ አድርገው ይቀበሉአቸዋል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ፊልም 129,600 ሥዕሎች አሉበት። ብታምኑም ባታምኑም ራሳችሁ አባዝታችሁ ድረሱበት። ሉሚየር የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 በፓሪስ ከተማ ገንዘብ ከፍለው ለገቡ ተመልካቾች ፊልም አሳዩ። ከእኛም አገር ሰዎች ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 «ጤዛ» የተባለውን ፊልም አውጥተው በቬኒስ ከተማ ተሸልመዋል። ፊልም ትልቅ ጥበብ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን እኔ ለሥዕሉ አባት አልቅሼ ሥጋ ለበሰው አባቴ ጥሪውን ዘጋሁበት። ርኅራኄ ከመጋረጃው ወርዶ ወደ ቤት ካልገባ ምን ይጠቅማል?

በሦስተኛው ስፍራ ስፖርትን አጠናሁ። ከ5000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀውን ቡድን ታሪክ ሳውቅ የገዛ አገሬን ታሪክ አለማወቄ ገረመኝ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1962 በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወስዳለች።

የአበበ ቢቂላንም ታሪክ አሁን በማስተዋል አነበብሁ። አበበ እ.ኤ.አ. በ1932 በጃቶ መንደር ተወለደ፤ ኋላም የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በአሠልጣኙ በስዊድናዊው በኦኒ ኒስካነን እየተመራ ብዙ ደከመ። እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 በሮም ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሆነውን መንገድ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ያች ቀን በእኛ አቈጣጠር የ1952 ዓ.ም. የመጨረሻዋ ቀን፣ ጳጉሜን 5 ናት፤ በማግሥቱ ዕንቍጣጣሽ ነበረ። ከአራት ዓመት በኋላም በቶኪዮ ደግሞ አሸነፈ፤ ያን ጊዜ የትርፍ አንጀት ሕክምና ተደርጎለት ከተነሣ ሁለት ወር አልሞላውም ነበር።

ከዘመናችን ሰዎችም ታምራት ቶላን አየሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ታምራት በመጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር። ጓደኛው ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲቀር በእርሱ ፋንታ ተጠራ። ሳይጠራም ዝግጅቱን አልተወም ነበርና፣ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒኩን የማራቶን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። እነሆ፣ ጥሪ በመጣ ጊዜ ተዘጋጅቶ መገኘት ይህ ነው። እኔ ግን ጥሪ በመጣ ጊዜ ስልኬም ጠፍቶ ነበር፤ ልቤም አልነበረ፤ እግሬም ደካማ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጧት ጧት ወደ ጃን ሜዳ እየሄድሁ መሮጥ ጀመርሁ። በመጀመሪያው ቀን ሜዳውን አንድ ጊዜ እንኳ ዞሬ አልጨረስሁም፤ ሽማግሌዎች አልፈውኝ ሲሄዱ አፈርሁ። ነገር ግን ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳልና አልተውሁም። በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአዲስ አበባ በሚደረገው በታላቁ ሩጫ ገብቼ 10 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ጨረስሁ። ከእኔ በፊት የገቡት ብዙዎች ናቸው። ቢሆንም እግሬ የሮጠው የራሴ ሩጫ ነበርና ደስታዬ የአርሰናልን ድል ሳይ ከተሰማኝ ሁሉ በለጠ።

በዚያው ቀን ወደ አባቴ ደወልሁ። ቁጥራቸውንም ከስልኩ ማኅደር አላወጣሁትም፤ አኃዙን አንድ በአንድ በጣቴ ነካሁት፤ በቃሌ ይዤዋለሁና። ስለ ሩጫው ከነገርኋቸው በኋላ፣ «አባባ፣ በአክስቴ ቤት የጠየቁኝን ጥያቄ ዛሬ ልመልስ» አልሁና፣ ድምፅ እንዴት ወደ ቁጥር እንደሚለወጥ፣ ቁጥሩም እንዴት በሞገድ እንደሚሄድ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። እርሳቸውም ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «እንግዲህ እኔ ማታ በጎቼን ቈጥሬ እንደማስገባ፣ ይህ ነገር ድምፄን ቈጥሮ ያስገባልኛል በለኛ!» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በኮሌጁም አልሰማሁም።

አባቴ ሁለተኛ ዓይናቸውን ሊታከሙ ዳግመኛ በመጡ ጊዜ እኔ በላምበረት መናኸሪያ አንድ ሰዓት ቀድሜ ተገኘሁ። ስልኬ ሞልቶ ነበር፤ ነገር ግን አልከፈትሁትም። ሻይ ከምትሸጠው ሴት ዘንድ በዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጬ መንገዱን ተመለከትሁ። አውቶቡሱ ቆመ፤ አባቴም በደረጃው ላይ ሆነው ዙሪያውን አዩ። ገና ሳልጠራቸው በዓይናቸው ከሩቅ ለዩኝና እጃቸውን አነሡ።

ልጆች ሆይ፤ ዛሬ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አሁንም ስልክ እወዳለሁ፤ ፊልምም አያለሁ፤ አርሰናልም ሲጫወት ልቤ ይመታል። የተውሁት ነገር የለም። ነገር ግን ሁሉን በየስፍራው አኑሬዋለሁ። እናንተም አንድ ነገር ስትወዱ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ይህ ነገር እንዴት ተሠራ? እኔስ በገዛ እጄና በገዛ እግሬ ከእርሱ ምን ልሠራ እችላለሁ? በዚህ ሰዓት ከዚህ የሚበልጥ የሚጠራኝ ሰው አለን? ለሦስቱም ጥያቄ መልስ ያለው ልጅ የወደደው ነገር ይጠቅመዋል እንጂ አይጐዳውም።

ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ደግሞ አንድ ነገር አድርጉ። የአባታችሁን ወይም የእናታችሁን የስልክ ቁጥር ጠይቃችሁ በቃላችሁ አጥኑ። አሥር አኃዝ ብቻ ናት። እናንተን ለማግኘት ሲሉ የእናንተን ነገር ሁሉ በልባቸው ይዘው የሚኖሩ ሰዎች አሉና፣ እናንተም የእነርሱን በልባችሁ ያዙ።